ሰሌዳው ስድሳ አምስት ይላል፣ መደቡ ቀዝቃዛ ነው

እሑድ፣ ጥር 3 ቀን 2018፣ አዳማ

ዛሬ አሥራ አራት ሴት አጠብን! አሥራ አራት! ይህን ደብተር የገዛሁት ቀጠሮ ልመዘግብበት ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን ግን «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ሰው» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የልቤንም እጽፍበታለሁ።

ከዓመት በኋላ ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ከሥሩ ልጀምር። ከግቢያችን ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የሴቶች ሞሮኮ ባዝ ካደረግናቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሁሉንም የሠራው ወንድሜ ዛኪር ነው። ስምንት ዓመት ጅዳ ውስጥ የሆቴል ቦይለር ሲገጥም ኖሮ መስከረም ላይ ተመለሰ። ቦይለሩ ውሃውን ያሞቃል፤ ሰርኩሌተር የምትባል ሁለት ጡጫ የማትሞላ ፓምፕ ደግሞ ሙቁን ውሃ ሙሽሮቹ በሚተኙበት የድንጋይ መደብ ሥር እያዞረች ትመልሰዋለች። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። ቧንቧ የከፈተ ሰውም ሳይጠብቅ ሙቅ ውሃ ያገኛል። ሌላ ቦታ በጀሪካን እየቀዱ ነው የሚያጥቡት። እኛ ጋ ፓምፕ አለ!

የዛሬው ትልቁ ነገር ግን አቶ ሐዲስ ናቸው። በፈጣኑ መንገድ መውጫ ላይ አርባ ሁለት ክፍል ሆቴል እያሠሩ ነው። ሴቶቹ ሳይመጡ በጠዋት ገብተው መደቡን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ዛኪርን እንዲህ አሉት፦ «እኔ የምስክር ወረቀት አላይም፤ ሥራ ነው የማየው። ይሄ ነገር የሠርጉ ወቅት እስኪያልቅ ሳይቆም ከሠራ፣ የሆቴሌ ሙቅ ውሃ በሙሉ ያንተ ነው።» ወቅቱ የሚያልቀው የካቲት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለሚገቡ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጁን ለመዳር ይሽቀዳደማል።

ሥራውን ካላገኘ ዛኪር ወደ ጅዳ ይመለሳል። ኤጀንቱ አብዱልጀባር ወረቀቱን ጀምሮለታል። ይሂድ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አቶ ሐዲስ መደቡን ሲዳብሱ ለምን ትንፋሼን እንደያዝኩ ግን አላውቅም።

አሥራ አራት ሴት ቀልድ አይደለም፤ የውሃ ሮቶው ተንጠፍጥፏል። የውሃ ፈረቃችን ዛሬ ሌሊት ነው ተብሏል። ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጀርባ ያለችውን የባዙን የታችኛዋን ቧንቧ፣ የሙቁንም የቀዝቃዛውንም እጀታ ከፍቼ፣ ከሥሯ የብረት ሳህን ገልብጬ ትቻለሁ። ውሃ ሲመጣ ሳህኑ ይንኳኳል፣ እኔም እነቃለሁ። እናታችን እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ሰፈሩም ሁሉ እንዲሁ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 4

በሩጫ ነው። መደቡ ቀዝቃዛ! ሙቀት የሚያሳየው የቦይለሩ ሰሌዳ ስድሳ አምስት ዲግሪ ይላል። ፓምፗ ትሠራለች፣ ድምፅዋ ይሰማል። ድንጋዩ ግን በረዶ። ሦስት ሰው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዛኪር እየመጣ ነው።

ከሰዓት፦ ተፈታ! ዛኪር ፓምፗ ፊት ላይ ያለውን ሰፊ ብሎን በካቻቢቴ ላላ ሲያደርገው ፍስስስ አለ፣ ከዚያ ውሃ ተፋች፣ ከዚያ ድምፅዋ ጠራ። ትንሽ ቆይቶ መመለሻው ቱቦ ሞቀ። «አየር ገብቶባት ነው» አለኝ። ከየት ነው የገባው ብዬ ስጠይቀው «አዲስ ሥራ ጥቂት ቀን አየር ይተፋል» አለ፣ ልክ እንደ ሐኪም። ለካ ማሽንም ቃር ይይዘዋል።

ውሃው የመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሳህኑ ሲንኳኳ ዘልዬ ተነሥቼ ቧንቧውን ዘጋሁና ሮቶው እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅሁ። ዓይኔ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ዛሬ ፓምፕ ማዳመጥ ተማርኩ! ዛኪር የካቻቢቴውን ጫፍ ፓምፗ ላይ አሳረፈና እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደገፈኝ። ውስጧ ሲሽከረከር ይሰማል። ጤነኛ ስትሆን አንድ ወጥ ዜማ ነው፤ አየር ሲገባባት ጠጠር የምታኝክ ትመስላለች። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር እማራለሁ ብዬ አልሜም አላውቅ።

ቡዜ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «አዴ ፈውዚያ፣ ከፓምፕ ጋርም ሐሜት ጀመርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቡዜ ከዴራ ነው የመጣችው፤ ሙሽሮቹን የምታሻቸው እሷ ናት። እጇ እንዴት ያለ እጅ መሰለህ፣ ደብተሬ! አንዴ ያሻቻት ሴት እህቷን ይዛ ትመለሳለች።

ሮቶው ከሰዓት በኋላ አለቀ። ሳህኔን ገልብጫለሁ። ደክሞኛል።

ዓርብ፣ ጥር 8

እንደገና! ሰሌዳው ስድሳ አምስት፣ መደቡ ቀዝቃዛ። ዛሬ አየር ብቻ አይደለም አለ። ፓምፗን የሚያስነሣትን ካፓሲተር አውጥቶ አየው፣ «ደክሟል» አለኝና በአዲስ ቀየረው። አየሩን አስወጣ፣ አስነሣት፣ ሠራች። እስኪሠራ ግን ሁለት ቀጠሮ ሄደብን።

ካፓሲተር ነበር። በቃ ተገኘ!

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ከቅዳሜ ጀምሮ ውሃ አልጠፋም፣ ለበዓሉ ይሆናል። ሮቶው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ፓምፗ ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ አልተነጫነጨችም። ዛኪር ደረቱን ነፍቶ «አላልኩሽም?» ይለኛል። ባሌ ዓብዱ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ደውሎ ነበር፤ የጭነት መኪናውን ጉምሩክ አቁሞ እኔን ስለ ካፓሲተር ሲያስወራኝ ዋለ። «ልጅቷ ተበላሸች» ብሎ ሳቀ።

የጥምቀቱ ሰልፍ በበራችን ሲያልፍ ከቡዜ ጋር ወጥተን አየን። ከሰልፉ ውስጥ የአቶ ሐዲስ ልጅ ልዩ እጇን አውለበለበችልኝ። ሠርጓ ጥር ሃያ አራት ነው፤ ዓርብ ሃያ ሁለት ከስድስት ሚዜዎቿ ጋር እኛ ጋ ትመጣለች። አባቷም እሷ የምትነግራቸውን ነው የሚሰሙት። ልቤ ከአሁኑ ይደልቃል።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ያ ረቢ። ቀዘቀዘች።

ትናንት ማታ ውሃ ጠፍቶ ያው እንደ ልማዴ አድርጌ ነው የተኛሁት። ውሃው አሥር ሰዓት ገደማ መጣ፣ ሮቶው ሞላ፣ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ጠዋት መደቡ በረዶ።

ዛኪር ዛሬ ሰሌዳውን ከፈተ። ቴርሞስታቱ ውሸታም ነው አለ። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ «ሞቋል» ብሎ ይዘጋል፣ መደቡ ይሙቅ አይሙቅ ግን ደንታ የለውም። ቴርሞስታቱን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሠራች። መመለሻውን ቱቦ በእጄ ይዤ ሲሞቅ ጠበቅሁት። ሁሌም በሽታዋን የሚናገረው እሱ ነው፤ መሄጃው እሳት፣ መመለሻው ቀዝቃዛ። ሰሌዳው ይህን አያየውም።

ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ «ጅዳም እንዲህ አንድ ነገር አራት ጊዜ ነበር የምትሠራው?» አልኩት። ሦስት ጊዜ ነው፣ አራት አይደለም። ባልለው ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች እኔ መሆኔን ሳያውቁ፦ «የፈውዚያ ባዝ ጋ እንሂድ?» «ምን ልሁን ብዬ! አንድ ቀን እሳት አንድ ቀን በረዶ ነው አሉ።» ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ መብራት ኃይል ጋ ወረድኩ። መውረጃዬ ግን ፖስታ ቤት ነበር።

ቤት ስገባ ዛኪር ስልክ ላይ ነበር። «እሺ አብዱልጀባር፣ የጤና ምርመራውን ሰኞ እጨርሳለሁ» ሲል ሰማሁ። ሲያየኝ ድምፁን ለምን ዝቅ ያደርጋል? እኔ እንደሆንኩ ይሂድ ነው የምለው።

ሰኞ፣ ጥር 18

አዲስ ፓምፕ! አሮጌዋን «አንቺ ተንኮለኛ» ብዬ ተሰናበትኳት። ለልዩ ቀን ስጋት አይኑር ብሎ ዛኪር ራሱ ሜርካቶ ድረስ ሄዶ ነው የመረጣት፤ ቀይ ናት፣ ሦስት ፍጥነት አላት። ስትነሣ ድምፅ የላትም። ካቻቢቴዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኳት፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዜማ ሰምቼ አላውቅም! ቡዜ መደቡ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ «ዋቃ! እኔም ላግባና እዚህ ልታጠብ» አለች። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ዛኪርን እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ልዩ ትምጣ፣ ሚዜዎቿም ይምጡ፣ አቶ ሐዲስም ይምጡ። ተዘጋጅተናል!

ሐሙስ፣ ጥር 21

ትልቁ የውሃ መስመር ተሰብሮ ከተማው ግማሹ ውሃ የለውም። ሮቶው ባዶ ነው። ለነገዋ ሙሽራ ስል ዛሬ አልተኛም ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ግን እየተከደነ ነው። ቧንቧዋን ከፍቻለሁ፣ ሳህኑን ገልብጫለሁ፤ ጠብ ስትል እነሣለሁ። ነገ ሁሉም ነገር ቀጥ ማለት አለበት።

ዓርብ፣ ጥር 22

አፌ ይቆረጥ።

ልዩ መደቡ ላይ ተኛችና «ውይ!» ብላ ዘለለች። ሰሌዳው ስድሳ አምስት ነበር የሚለው። አዲሷ ፓምፕ! አራት ቀኗ! ሚዜዎቿ ፎጣቸውን እንዳገለደሙ ተያዩ። ቡዜ ሮጣ ጓሮ እሳት አንድዳ በድስት ውሃ ማሞቅ ጀመረች፤ ልጆቹም እግዜር ይስጣቸው «እንደ ድሮው እንታጠብ!» ብለው ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። እኔ ግን መጫወት አልቻልኩም። ወደ ግቢው ወጣሁ። ዛኪር መሣሪያ ሳጥኑን ይዞ እየገባ ነበር። ጮህኩበት። ቃሉን እዚህ ልጻፈው፣ እንዳልረሳው፦ «ስምንት ዓመት ጅዳ ምን ስትሠራ ነበር? ቦይለር ነው ስትለን መጥረጊያ ነበር እንዴ የያዝከው?»

አቶ ሐዲስ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው። ዛኪር አላየኝም፤ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ መሬቱን። ገብቶ አየሩን አስወጣ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሠራች፤ ያም አላዳነው። አቶ ሐዲስ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ለሾፌራቸው ያሉትን ሰማሁ፦ «የገዛ እህቱ ያላመነችውን እኔ ምን ብዬ ልመነው?»

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ዛኪር ምሳ አልበላም። ክፍሉ ውስጥ ሻንጣ ሲጎተት ሰማሁ። ቡዜ «አዴ፣ ይቅርታ በይው» አለችኝ። እሱ አይደል ያበላሸው? ይሂድ። እዚህ ምን ይሠራል።

ሽሮ ሠርቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ።

ሰኞ፣ ጥር 25

አገኘሁት! ወላሂ አገኘሁት!

የፓምፗን ዋስትና ልጠይቅ ብዬ የተገዛችበትን ቀን በዚህ ደብተር ፈለግኩ። ስገልጥ ዓይኔ ጥር ሦስት ላይ አረፈ፤ ሳህን። ጥር አራት፤ ቀዝቃዛ። ጥር ሰባት፤ ሳህን። ስምንት፤ ቀዝቃዛ። የጥምቀት ሰሞን ውሃ አልጠፋም፣ ሳህን አልገለበጥኩም፣ ፓምፗም አልታመመችም። አሥራ ሦስት ማታ «እንደ ልማዴ»፤ አሥራ አራት በረዶ። ሃያ አንድ ሳህን። ሃያ ሁለት... እሱን ሁለተኛ አልጽፈውም።

ሮቶው ባዶ ሲሆን እኔ የታችኛዋን ቧንቧ እከፍታለሁ፤ በሙቁም በኩል። በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ በእሷ ተንጠፍጥፎ ይወጣል፣ በቦታው አየር ይገባል። ውሃ ሲመጣ አየሩ ከላይ ታፍኖ ይቀራል፣ ፓምፗም አየር ስታኝክ ታድራለች። ዛኪር በመጣ ቁጥር ሌላ ነገር ይቀይራል፤ ግን ሁሌም መጨረሻ ላይ አየሩን ያስወጣል። የሚፈውሳት የአየሩ መውጣት ብቻ ነበር። ካፓሲተሩም ደህና ነበር፣ ቴርሞስታቱም፣ ምስኪኗ አሮጌ ፓምፕም።

ደስታው መጀመሪያ መጣ፣ ይህን አልክድም፤ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ አጨበጨብኩ። ከዚያ ቀጥሎ ግን ግቢው ውስጥ የጮህኩት ጩኸት በጆሮዬ ገባ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን ነው ያዋረድኩት።

አረጋግጬ ነው የምነግረው። መጀመሪያ ሙከራ።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ሰኞ ማታ፦ ሮቶው ባዶ፣ ሁሉም ቧንቧ ዝግ። ውሃውን ለመጠበቅ ወንበር ይዤ ደጅ የውሃ ቆጣሪው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እንደ ዘበኛ። ማክሰኞ ጠዋት መደቡ ሙቅ!

ማክሰኞ ማታ፦ ሮቶው ባዶ፣ ቧንቧዋ ክፍት፣ ሳህኑ ግልብጥ። ዛሬ ጠዋት፣ በረዶ! ካቻቢቴዬን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ጠጠር ታኝካለች! «አዎ!» ብዬ ስጮህ ቡዜ የሆነ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ መጣች። በመበላሸቷ እንዲህ የተደሰተ ሰው ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ብሎኑን ራሴ ፈታሁ፤ ፍስስስ፣ ውሃ፣ ዜማ። በገዛ እጄ!

ለዛኪር ዛሬ እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት። አይ፣ ዛሬ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ትናንት አልነገርኩትም። ዛሬ ነገርኩት።

ሻንጣው ተዘግቶ አልጋው ሥር ነበር። ደብተሬን ከፍቼ ቀኖቹን በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት፤ ያልኩትንም ጭምር። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ፉዚ፣ እኔ እኮ ማሰብ ነበረብኝ። እዚሁ ግቢ ነው ያደግኩት። እማዬ ስትገለብጠው የነበረ ሳህን እኮ ነው! በሳህን ድምፅ ስነቃ አድጌ፣ እዚያ ሆቴል ውስጥ ስምንት ዓመት ውሃ ጠፍቶ ስላላየሁ ረሳሁት። ውሃ ለማይጠፋበት አገር የሚሆን ሥራ አዳማ ላይ ተከልኩ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

«የሁለታችንም ነው» አለ። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ ግን አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ምላሴ ለስድብ እንጂ ለዚህ አይፈታም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አቶ ሐዲስ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ሆቴላቸው ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። ከልዩ ሠርግ ገና አላረፉም፤ ፊታቸው ግን ደስ ብሎታል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን በወንድሜ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው» አልኳቸው። «ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቧንቧ ከፍቼ እየተኛሁ። በሙከራም አረጋግጫለሁ።» ደብተሩን ይዤ ነበር፤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። በጣም ተደነቁ፣ «ሴትዮ፣ አንቺ መርማሪ ነሽ!» አሉኝ። ልቤ ሞቀ፣ አለቀ ብዬ።

ከዚያ ደብተሩን መለሱልኝና «ግን ንገሪኝ እስቲ፣ ወይዘሮ ፈውዚያ» አሉ። «በእኔ ሆቴል አርባ ሁለት እንግዳ ያድራል። ውሃ ሲጠፋ አርባ ሁለቱም ቧንቧ ከፍቶ ይተኛል፤ ያንቺ ልማድ ብቻ አይደለማ፣ የአገሩ ሁሉ ነው። አንድ ሰው ቧንቧ ስለከፈተ የሚቆም ሥራ ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ስሙን ላድን ሄጄ ሥራውን ቀበርኩት። በታክሲ ስመለስ እንባዬ መጣ።

እሑድ፣ የካቲት 1

አቶ ሐዲስ ያሉትን ለዛኪር ስነግረው ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዓይኑ በራ! «ልክ ናቸው!» ብሎ ተነሣ። «ልክ ናቸው ፉዚ! ሰውን አትክፈት ማለት አይቻልም፤ ሥራው ነው መቻል ያለበት።» በቀጠሮ ወረቀቴ ጀርባ ላይ መሳል ጀመረ። ከመደቡ ሥር የሚዞረው ውሃ ከቧንቧዎቹ ጋር እንዳይገናኝ ይለየዋል፤ ቦይለሩ ውስጥ በሚገባ ጥቅል ቱቦ በኩል ይሞቃል፣ የራሱ ትንሽ ታንከርም ይኖረዋል። ቧንቧው ሁሉ ቢንጠፈጠፍ እሱ አይነካም። ቱቦው ከሁሉ ከፍ የሚልበትን ቦታ ደግሞ አየር በራሱ የሚያስወጣ ቫልቭ ይይዘዋል።

«ሰሌዳውስ?» አልኩት። «ሰሌዳው የሚያየው የሄደውን ነው። የተመለሰውን ማን ያየዋል? መመለሻው ላይም አንድ ሙቀት መለኪያ አድርግበት፤ መሄጃው ሞቆ መመለሻው ከቀዘቀዘ ፓምፗን ያቁምና ቀይ መብራት ያብራ።»

እርሳሱን አቁሞ አየኝ። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እጄ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ቱቦ ስይዘው ነው የኖርኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ቀጠሮ የለም፣ ባዙን ዘጋን። ጥቅል ቱቦው ጋራዥ ተበየደ። ቡዜ ቱቦ ትይዛለች፣ እኔ ፒንሳ አቀብላለሁ፣ ዛኪር ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ያፏጫል። አቧራ የለበሰ ፀጉሬን ዓብዱ ቢያየው አያውቀኝም። ደስ ብሎኛል! ሙሽሮቼን ሌላ ቦታ ልኬ ደስ ብሎኛል፣ ምን ዓይነት ነጋዴ ነኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

አዲሱ ሥራ አለቀ ብለን ብንደውልላቸው፣ ትናንት ከሰዓት አቶ ሐዲስ መጥተው የሮቶውን ቫልቭ በራሳቸው እጅ ዘጉ። ከዚያ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ እየዞሩ ከፈቱ፤ የባዙን፣ የማድ ቤቱን፣ የሽንት ቤቱን። ውሃው ተንጠፍጥፎ አለቀ። አንዷን እንኳ እንዳንዘጋ ቡዜን አስምለው ሄዱ። «ኤዬ፣ እሺ አባ» ብላ ማለችላቸው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ሮቶውን ከፈቱ፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ አየር እየተፉ፣ እየሳሉ መጡ። ዛኪር አንዲት ብሎን አልነካም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። አቶ ሐዲስ ጫማቸውን አወለቁና መደቡ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ኮታቸውን እንደለበሱ።

«ልጄ ትሙት፣ እንዲህ ሞቆኝ አያውቅም» አሉ።

ቡዜ እልል አለች። ቀዩ መብራትስ ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ዛኪር መመለሻውን ቫልቭ ዘጋ፣ ትንሽ ቆይቶ ፓምፗ ቆመች፣ መብራቱ በራ። «ይሄኛው የእህቴ ነው» አላቸው። እኔን ሳያይ ነው ያለው፤ ግን አለው! ሥራው ከሰኞ ይጀመራል። ተጨባበጡ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ዛሬ ጠዋት አብዱልጀባር ደወለ። ቪዛው ወጥቷል፤ በረራው ማክሰኞ ነው፣ ከረመዳን ዋዜማ። የድሮው ሆቴል በእጥፍ ደመወዝ ጠርቶታል፣ የቦይለር ክፍሉን ኃላፊ አድርጎ። ዛኪር «ላስብበት» ብሎ ዘጋ። የሚያስበው ነገር አለ? ሥራው እኮ ተገኘ! አቶ ሐዲስ እኮ መደቡ ላይ ተቀመጡ! እኔ ደግሞ ሥራው ከተገኘ ነገሩ በራሱ ያልቃል ብዬ ነበር። ሰው ግን ፓምፕ አይደለም።

ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቱቦውን በስፖንጅ ሲጠቀልል አገኘሁት። መሰላሉ ላይ ቆምኩ፣ አንገቴ ብቻ ከጣሪያው በላይ።

«ትሄዳለህ?»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አንተ ታውቃለህ» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሃያ አንድ ዓመቱ ወደ ጅዳ ሲሄድም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ሻንጣውን ራሴ አስሬ፣ አውቶቡስ ድረስ ሸኝቼ።

እሱ ስፖንጁን መጠቅለሉን ሳያቆም፦ «ስምንት ዓመት በየሳምንቱ ደውለሽልኛል። በልተሃል ትይኛለሽ፣ ታመሃል ትይኛለሽ፣ ትቆጪኛለሽ። አንድ ቀን ግን ና ብለሽኝ አታውቂም። የማልፈለግ መስሎኝ ነበር።»

እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አብሮኝ ነበር የሚተኛው። ከሄደ በኋላ አልጋው ላይ ማንንም አላስተኛሁም። ይህን ሁሉ መናገር ፈለግኩ። መጀመሪያ የወጣኝ ግን አንድ ቃል ነው።

«አትሂድ» አልኩት። «ሆቴሉ ቢቀርም፣ ባዙ ቢዘጋም አትሂድ። የምልህ ስለ ፓምፗ አይደለም። እዚህ ስትሆን ደስ ስለሚለኝ ነው። ያን ቀን ግቢ ውስጥ ስላልኩህም ይቅር በለኝ።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እኔ መሰላሉን ጨብጬ እንደቆምኩ ደወለ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ እንድሰማ ተወው።

«አብዱልጀባር፣ ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ምን ሆንክ አንተ? እጥፍ ደመወዝ እኮ ነው! ሥራ አገኘህ?»

«ሥራማ ከዓርብ ጀምሮ አለኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተፈጠረ?»

«እህቴ አትሂድ አለችኝ።»

አብዱልጀባር «ለዚህ ብለህ ነው?» አለው።

«አዎ» አለ ዛኪር። «ለዚህ ብዬ ነው።»

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ባዙ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ መደቡ ላይ ተጋደምኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ድንጋዩ ሙቅ ነበር።